ለኮከብነት ያዋጣነው ክር

ፋብሪካው ከተወረሰ በኋላ ሠራተኛ እየሸሸ አስቸገረ። አለቆቹ በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ሠራተኛው ለምን ሥራውን አይወድም እያሉ ሲመካከሩ ቆዩና ሁለት መላ አመጡ። አንደኛው መልቀቂያ መከልከል ነበር። መልቀቂያ ያልያዘን ሰው ሌላ መሥሪያ ቤት አይቀጥረውም፤ ስለዚህ መሄድ ቀረ። ሁለተኛው ኮከብ ሠራተኛ መምረጥ ነበር። ይኼኛው ሳንወድ የቀረነውን ወደን የቀረን ለማስመሰል የመጣ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

እኔ ጉለሌ በሚገኘው በዚህ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ነበርኩ። ፈትል ክፍል ማለት የጥጥ ብናኝ ማለት ነው። ቅንድባችን ላይ ያርፋል፣ ምሳ ዕቃችን ውስጥ ይገባል፣ ቤታችን ገብተን ስንስል ከደረታችን ይወጣል። መስኮት መክፈት ክልክል ነው፤ ንፋስ ክሩን ይበጥሳል ተብሎ። ለክሩ የታሰበውን ያህል ለእኛ ቢታሰብ ኖሮ ኮከብ ባላስፈለገን ነበር።

ከእኔ ማሽን ቀጥሎ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠን ሁላችንም የክፍሉ ሴቶች እትዬ እንላታለን። ቤቷ ቀጨኔ ነው፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። የሥራ ተቆጣጣሪያችንን የካቦውን አረማመድ ከኋላው እያስመሰለች ሆዳችንን እስኪያመን ታስቀን ነበር። ያን ዓመት ሳል ያዛት። መጀመሪያ ቀለደችበት። በኋላ ግን የቀጨኔን ዳገት ስትወጣ የሰው አጥር እየተደገፈች መቆም ጀመረች። የፋብሪካው ድሬሰር ክኒን ሰጣትና፣ "ከብናኙ ካልወጣሽ ይሄ ምንም አያደርግልሽም" አላት።

ማሸጊያ ክፍል ብትዛወር ይበቃት ነበር። እዚያ የተጠቀለለ ጨርቅ እንጂ ብናኝ የለም። ካቦውን ለመነችው።

"ሁሉም ማሸጊያ ከገባ ማን ሊፈትል ነው?" ብሎ መለሳት።

በዚያው ሰሞን ኮከብ የሆነ ሰው ጥያቄ ካለው በአለቆቹ ፊት ይሰማለታል ተባለ። እኛም አመንን። እትዬን ኮከብ እናድርጋት፣ ከዚያ በኋላ እምቢ አይሏትም ተባባልን። ችግሩ ኮከብ የሚሆነው ከኮታው በላይ የፈተለ ነው፤ እሷ ደግሞ እየሳለች የራሷን ኮታ እንኳ መሙላት አቅቷታል። ስለዚህ እናዋጣላት ጀመር። ካቦው ዞር ሲል እያንዳንዳችን ክር የሞላ ቀሰም በሽርጣችን ደብቀን እሷ ቅርጫት ውስጥ እንጨምራለን።

"ኧረ ተዉ፣ በኔ ጦስ ትቀጣላችሁ!" ትላለች እየሳቀች። ሳቋም ሳል ይሆንባታል።

ተመረጠች። ከእኛ እጁን ያላወጣ አልነበረም። ፎቶዋ የፋብሪካው በር ላይ ተሰቀለ፣ ማሽኗ ላይ ቀይ ባንዲራ ተተከለ። የፋብሪካው ካድሬ ኮከቡን ደረቷ ላይ ሲያደርግላት እልልታችን አዳራሹን አናወጠው። እሷም ጊዜ አላጠፋችም።

"ጓድ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት" አለች። "ደረቴን በጣም እያመመኝ ነው። እባክዎ ማሸጊያ ክፍል ያዛውሩኝ።"

ካድሬው ፈገግ አለ። ክፋት እንኳ አልነበረበትም፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኼ ነው።

"እንዳንቺ ያለችን ጀግና ከማሽኗ ማንሳት አብዮቱን መጉዳት ነው፣ ጓዲት" አላትና ወደ እኛ ዞረ። "እሷ ታማ ይህን ያህል ከፈተለች እናንተን ጤነኞቹን ምን ያዛችሁ? ከነገ ጀምሮ የሁላችሁም ኮታ በእሷ ልክ ይሆናል።"

አጨበጨብን። ካላጨበጨብን ሌላ ጣጣ ነው። ክሩ የእኛ መዋጮ ነው ብለን እንዳንናገር አሻጥር ተብሎ ሰው የሚበላበት ጊዜ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከማን ተርፎ ለማን ይዋጣል? አዲሱን ኮታ እኛ ጤነኞቹም አልቻልነውም። እሷ በሁላችን እጅ የተፈተለውን ያህል ክር ብቻዋን እንድትፈትል ተፈረደባት። ሳቋ ጠፋ። ካቦው አጠገቧ ሲያልፍ እንኳ ቀና ብላ አታየውም። ክረምቱ ሳይወጣ ማሽኗ ሥር ወድቃ አገኘናት፤ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ወደ ቀብሯ እንድንሄድ የተፈቀደልን ጥቂቶች ነበርን፤ የቀሩት ማሽን እንዳይቆም ተብሎ ቀሩ። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

የእሷን ማሽን ለእኔ ሰጡኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ለስብሰባ ጠሩን። ካድሬው አዲስ ኮከብ ጠቁሙ አለን። ማንም ስም አልጠራም። አንዷ ጓደኛዋን ብትጠቁም ምን እያደረገቻት እንደሆነ ሁላችንም አውቀነዋል። ካድሬው ተቆጣና ራሱ መረጠ።

እኔን ጠራ። ወጣሁ፤ ኮከቡን ደረቴ ላይ አደረገልኝ። እልል ያለ ሰው የለም። ወደ ቦታዬ ስመለስ አጠገቤ የነበረችው ሴት እጄን ጨበጥ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እግዜር ያጥናሽ" አለችኝ።