ሦስተኛው እማኝ

ከስልጤ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። እናቴ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ሸጎጠችልኝ፤ ወንድሞቼ የአራታችንን ባጃጅ ቁልፍ ሰጡኝ። ዝዋይ አድሬ በኦጎልቾ በኩል ወደ አሰላ ስወጣ ሞተሯ እንደ በሽተኛ ታቃስት ነበር።

የአሰላ ብርድ! እኛ አገር ብርድ የምንለው እዚህ ሙቀት ነው። ሰዉ እንግዳ ሲመጣ የገብስ ጩኮ በቅቤ አርሶ ያቀርባል፣ አይሰስትም፤ ቆጮ ስትበላ ካየህ ግን «እንጨት ነው የምታኝከው?» ይልሃል። ይሁን።

የአገሬ ልጆች፣ የምጽፍላችሁ ስለ ምግብ አይደለም። እዚህ መንገድ ላይ ያደረች ባጃጅ ጠዋት ባትሪ የላትም፤ ሌባ ፈትቶ ይወስደዋል። ስለዚህ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሰው ግቢ ቆርቆሮ የለበሰ ማቆሚያ ለሁለት ዓመት በውል ተከራየሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ በማታ ትምህርት ነው፤ ያንን ውል ሦስት ቀን ፈጅቼ አንብቤዋለሁ።

ዓመት ሳይሞላ አንድ የሳጉሬ እህል ነጋዴ እየመጣ ማቆሚያዬን በሜትር ይለካ ጀመር። ሲያገኘኝ «አካም ቡልቴ» እያለ ትከሻዬን ያሻሻል። ሰላምታው አላማረኝም። ጋሽ ደምሴን ጠየቅኳቸው።

«ቦታዋን ልሸጥለት ነው። አንተ ምን ቸገረህ? ውልህ ይቀጥላል። ይልቅ እማኝ ጎድሎናል፤ በአውራ ጣት ከሚፈርም ሽማግሌ የተማርከው አንተ ትሻለኛለህ» አሉኝ።

ሞኝነቴን ልናገር። በፊርማው ቀን ስድስት ሰው ከቦ ቆሟል፣ የሽያጩ ወረቀት ሁለት ገጽ ነው። ፊደል በፊደል ስለቅም እንዳይስቁብኝ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አይቼ ከነአያቴ ስም ፈረምኩ። አጨበጨቡልኝ።

በሳምንቱ ማቆሚያዬ ፊት አጣና ተራገፈ። ቀበሌ ሮጥኩ። ጸሐፊዋ የሽያጩን ወረቀት አነበበችልኝ።

«ቦታው ከማንኛውም ተከራይ ነፃ ነው ይላል።»

«እኔስ የኔ እህት? የለሁም?»

«አለህ እንጂ ወንድሜ። እዚህ ታች፣ ሦስተኛ እማኝ። ፊርማህ ያምራል።»

«የኪራይ ውሌስ?»

«እሱ እውነት ከሆነ ምስክርነትህ ውሸት ነው። የትኛውን ልያዝልህ?»

ስመለስ የነጋዴው ሠራተኞች ለአጥሩ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ነጋዴው ፈገግ አለና «እስከ ነገ አውጣት። አለዚያ ከነሷ ነው የምናጥረው» አለኝ።

በዚህ መሀል ታላቅ ወንድሜ ከአገር ቤት ደወለ።

«ባጃጇ እንዴት ናት? ማቆሚያውስ?»

«ደህና።»

«ማን ይነካሃል፣ ወረቀት የምታነብ ሰው! ... የሚቆፈረው ምንድን ነው?»

«አጥር ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! እንግዲህ ሌባ አይገባም» አለና ለእናታችን ጮክ ብሎ ነገራት። ከወዲያ ስትመርቅ ይሰማኛል።