የቤት ስሙ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለልጄ አልነገርኳትም፤ ለመጋቢያችን አልነገርኩም፤ ተንበርክኬ ስጸልይ እንኳ ዙሪያውን ዞሬ ዞሬ ነው የምነሳው። እግዚአብሔር ያውቀዋል እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ኖርኩ። እሱ ማወቁ የእኔን መናገር ይተካል እንዴ? አሁን አርጅቻለሁ፤ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ቀኑ ይመሽብኛል። ቢሆንም እጽፈዋለሁ። ባሌን ተስፋዬን ከወንድሞቹ የለየሁት እኔ ነኝ። በሐሰት ነው የለየሁት።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ መካኒሳ፣ አሁንም በምኖርበት ቤት ነው። ያኔ ሰፈሩ ገና ግማሹ ማሳ ነበር፤ የገበሬዎቹ ከብቶች በደጃችን አልፈው ወደ ወንዝ ይወርዱ ነበር። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ለቀበሌ መሰብሰቢያ ከተሰጠ በኋላ እኛ ጴንጤዎቹ ጥቂት ጥቂት እየሆንን ቅዳሜ ከሰዓት በየቤቱ እንገናኝ ጀመር። ጫማ ደጅ ላይ አይተውም፤ ይዘነው እንገባለን። መዝሙር በከንፈር ብቻ ነው። ጸሎትም በሹክሹክታ ነው። በመጨረሻ አንዱ ጸሎቱን በኢየሱስ ስም ብሎ ይዘጋል፤ ሌሎቻችን አሜን እንላለን። አንድ ላይ የምናሰማት ድምፅ ያቺ ብቻ ነበረች።

ቦታው በየሳምንቱ ይቀየራል። ማን ቤት እንደሆነ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ «እትዬ ብርቄ ዘንድ እርሾ አለ አሉ» ካልኩ፣ የፊታችን ቅዳሜ እሷ ቤት ነን ማለት ነው። ለማን እንደሚነገር፣ ለማን እንደማይነገር የማውቀው እኔ ነኝ። በዚህ እኮራ ነበር። ይህን ኩራቴን ያዙልኝ፤ ከጥፋቴ ውስጥ ድርሻ አለው።

ተስፋዬ የከምባታ ሰው ነው፤ እዚህ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራ ነበር። እናቱ ሄራሞ ነው የምትለው። ተስፋዬ ያለው ትምህርት ቤት ሲገባ የመዘገበው አስተማሪ ነው። በዚያው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጌታን እናቱ ማርያም ከደጅ ቆማ ስትጣራ «የሹዋ» ብላ ነበር የምትጠራው ብለው ነገሩት። ልጅ ሆኖ የሰማው ይህ ነገር ከልቡ አልወጣም።

ከተጋባን በኋላ አዳመጥኩት። ጸሎቱን እንደ ማናችንም በኢየሱስ ስም ይጀምራል። ወደ መጨረሻው፣ ድምፁ ዝቅ ሲል፣ «የሹዋ፣ የሹዋ» ይላል፤ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው የሚናገር ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ጠየቅኩት።

«ኢየሱስ ማለት ተውክ እንዴ?»

«ኧረ በስመ አብ! የዳንኩበትን ስም እንዴት እተዋለሁ? ይሄ የቤት ስሙ ነው። አንቺን ሰው ሁሉ አስካለ ይልሻል፤ እናትሽ ግን አስኩዬ ትልሻለች። ሁለት ሰው ሆንሽ?»

ገብቶኛል እኮ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱም አስኩዬ ይለኝ ጀመር። ሆኖም ያንን ስም ሲጠራ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር ለእኔ አይቼው አላውቅም ነበርና ቀናሁ። ሰው በጌታው ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ብርቄ ቤት ሆነን ሽማግሌያችን ጋሽ ዘለቀ ተስፋዬን እንዲዘጋ አዘዙት። ጸልዮ ጸልዮ፣ እንባ ያዘውና፣ «በየሹዋ ስም» ብሎ ዘጋ። አሜን የሚል ጠፋ። ሁሉም ዓይኑን ገልጦ ያየዋል። ትርጉሙን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የእኔም አሜን አልወጣም።

«ወንድም ተስፋዬ፣ ማንን ጠራህብን?» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

«ጌታን ነዋ ጋሼ። በእናቱ አፍ።»

«ምነው፣ ጌታ አማርኛ አይገባውም?» አለች እትዬ ብርቄ። ሰዉ ነጠላውን አፉ ላይ ጭኖ ሳቀ።

ተስፋዬም አብሮ ሳቀ። «ለሱማ ይገባዋል እትዬ። ሲጨንቀኝ አማርኛ የሚጠፋኝ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ዘለቀ አልሳቁም። ታስረው ውስጥ እግራቸውን ተገርፈው የወጡ ሰው ናቸው፤ ሲራመዱ ያነክሱ ነበር። ይቺ ቃል ከዚህ በር ብትወጣ የእስራኤል ሰላዮች ይሉናል አሉ። ሌላ ስም ይዞ መጥቶ መንጋ የበተነ ሰውም አይቻለሁ አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚጠብቁት ሕዝብ ነበራቸው።

ከቀናት በኋላ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ጠብቀው አገኙኝ።

«እህት አስካለ፣ የማምነው አንቺን ነው። ቤት ውስጥ ኢየሱስ ይላል ወይስ ትቶታል?»

ያን ዕለት ጠዋት እንኳ ሰምቼዋለሁ። ቁርሳችንን የባረከው በኢየሱስ ስም ነበር። አፌ ውስጥ እውነቱ ተቀምጦ፣ «ትቶታል» አልኩ።

ለምን? ፈርቼ ነው ብል ይቀልልኝ ነበር። የፈራሁትስ ቀበሌን አልነበረም። በእሱ ሰበብ እኔም እንዳልጠረጠር፣ ቦታ የመንገሩን ኃላፊነት እንዳይነጥቁኝ ፈራሁ። ደግሞም ጋሽ ዘለቀ ሲያዝኑልኝ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ያ ስም ከእኔና ከእሱ መሃል እንዲወጣ ፈለግሁ።

ተስፋዬ ከስህተቱ እስኪመለስ ድረስ ቦታውን እንዳልነግረው አዘዙኝ። ራሴ መጥቼ አናግረዋለሁ ሲሉ ደግሞ፣ «አይምጡ ጋሼ፣ ይብስበታል። እኔ በጸሎት እይዘዋለሁ» አልኳቸው። ቢመጡ አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር። ያንን ጥያቄ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ቤት ገብቼ ለተስፋዬ፣ «ተበትነናል» አልኩት። «ጋሽ ዘለቀን እየተከታተሏቸው ነው። ማንም ማንም ቤት እንዳይሄድ፤ መንገድ ላይ ብንተያይ እንኳ ሰላም እንዳንባባል ተብሏል።» በዚያ ዘመን ይህን ያላለ ማኅበር አልነበረም። ምንም አልተጠራጠረም።

ውሸቴን ያቆዩልኝ እነሱው ናቸው። ተስፋዬ ጋሽ ዘለቀን ከሩቅ ሲያይ፣ እንዳያስይዛቸው ብሎ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። እሳቸው ደግሞ ልቡ ደነደነ ይሉኛል። እየተዋደዱ ተሸሻሹ፤ እኔ መሃል ቆሜ ሁለቱንም አጽናናለሁ።

ቅዳሜ ሲደርስ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ አለብኝ እለዋለሁ። «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ሂጂ። እኔ ለወንድሞች እጸልያለሁ» ይለኛል። ስመለስ ከደጅ እሰማዋለሁ። ጋሽ ዘለቀን፣ እትዬ ብርቄን፣ እያንዳንዳቸውን በስም እየጠራ፣ ጌታ ሆይ መልሰህ ሰብስባቸው ይላል። እኔ ከመሃላቸው ተነስቼ የመጣሁት እዚያው በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። እንዴት ነው በሩን ከፍቼ መግባት የቻልኩት? ገብቼስ እራት ያቀረብኩት?

ከዚያ ታመመ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሆዱ ተነፋ። ሐኪሞቹ ጉበቱ ነው ብለው ወደ ቤት መለሱት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እጄን ያዘና፣ «አስኩዬ፣ ጋሽ ዘለቀን የምናገኝበት መንገድ የለም? ዘይት ቀብተው እጃቸውን ቢጭኑብኝ» አለኝ።

በዚያች ሰዓት እትዬ ብርቄ ቤት ተሰብስበው ነበር። ግቢዋ ከግቢያችን በአጥር ነው የሚለየው። አጥሩ ላይ ሄጄ አንድ ስም ብጠራ ይመጡ ነበር።

«የለም» አልኩት።

«ተይው በቃ። በእኔ ሰበብ እንዳይያዙ። አንቺ ጸልዪልኝ።»

ጸለይኩለት። እዚያም ላይ ጨከንኩ፤ የሚወደውን ስም አልጠራሁለትም፤ በኢየሱስ ስም ብዬ ዘጋሁ። «አሜን!» አለ። ጎረቤት ይሰማል ሳይል፣ በቀረችው አቅሙ፣ «አሜን!» አለ። ትቶታል ያልኩት ሰው ነው ይህን ያለው። ሳምንት ሳይሞላ አረፈ።

ለቅሶው ላይ ጋሽ ዘለቀ እንደ ጎረቤት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ጎንበስ ብለው፣ «ተመልሶ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር። ሬሳው ገና ከቤት አልወጣም ነበር። «በመጨረሻ ተመለሰ፤ በኢየሱስ ስም አሜን ብሎ ነው ያረፈው» አልኳቸው። ሽማግሌው በደስታ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ሰው ለባሏ ነው አለ።

ደርግ ወድቆ ጸሎት ቤታችን ሲመለስልን ምስክርነት ስጪ አሉኝ። ማይክሮፎን ጨብጬ ቆምኩና፣ ከስህተት የተመለሰውን ባሌን ተረክሁ። በጸሎት የመለስኩት እኔ መሆኔንም ተናገርኩ። አዳራሹ አሜን ሲል ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ለተስፋዬ ያልወጣው አሜን ለውሸቴ ወጣለት። ከዚያ ወዲህ ባላቸው ያስቸገራቸው ሴቶች ለምክር ይመጡልኛል። ጋሽ ዘለቀ ይህንኑ እንዳመኑ ሞቱ።

ዘመኑ ክፉ ነበር እንዳትሉኝ። እኔን ውስጥ እግሬን የገረፈኝ የለም። ወፍጮ ቤት ደጃፍ በጨዋ ደንብ ተጠየቅሁ፤ በራሴ አፍ መለስኩ።

አባቷ ሲሞት ሕፃን የነበረችው ልጄ ዛሬ ጀሞ ትኖራለች፤ የሴቶችን ጸሎት የምትመራው እሷ ናት። በቅርቡ ለአንዲት ሙሽራ የአባቷን ታሪክ ስትነግራት አጠገቧ ነበርኩ። «አባዬ ጠፍቶ ነበር፤ እማዬ ናት የመለሰችው» አለች፤ እጄን ጨበጥ አድርጋ። እጄን አላስለቀቅኩም።

ልጄ፣ ይህን ከሁሉ በፊት የምታነቢው አንቺ ነሽ። አባትሽ አንድ ቀን እንኳ አልጠፋም። ብቻውን ያስቀረሁት፣ ብቻውንም እንዲሞት ያደረግሁት እኔ ነኝ። አንብበሽ ስትጨርሺ ወደዚያች ሙሽራ ሂጂና እውነቱን ንገሪያት፤ ስሜንም አትደብቂ። ከዚያ ወደ እኔ ብትመጪ በሩ ክፍት ነው፤ ባትመጪም አልወቅስሽም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ አባዬ ቢኖር ይቅር ይልሽ ነበር እንዳትዪኝ። ይል እንደነበር አውቃለሁ። ሳይጠይቀኝ፣ ሳይቆጣ ይቅር ይለኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ነው የበደልኩት።