ጣቢያ ቁጥር ሦስት

ሰፈሩ ጋሽ ሚዛን ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው፤ በሚዛን እንደሚሠራ እንጂ ምን እንደሚመዝን ግን ሰፈሩ አያውቅም። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ለከሰል ኃይል ማመንጫው አቧራ ሲመዝን ኖሯል። አቧራም ይመዘናል እንዴ ብሎ የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ዱቄት ሰው ደረት ውስጥ ገብቶ ከሚታወቅ ወረቀት ላይ ቢመዘን ይሻላል፤ ያውም የሚመዝነው ሰው እውነቱን ከጻፈ።

ሥራው ከባድ አልነበረም። የፍሪጅ ግማሽ የሚያህል የብረት ሳጥን አለ። አናቱ ላይ ባለው አፍ ቀን ከሌት አየር ይስባል፤ አየሩ በክብ ነጭ ወረቀት ውስጥ ያልፋል፤ አቧራው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ጋሽ ሚዛን ሰኞ ሰኞ ወረቀቱን በወረንጦ ያነሣል፣ ፖስታ ውስጥ ያሽጋል፣ ላቦራቶሪ ወስዶ ይመዝናል፣ ቁጥሩን ይጽፋል። እንዲህ ያሉ ሳጥኖች በማመንጫው ዙሪያ ስድስት ነበሩ፤ አንዱ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ፣ አንዱ ጤና ጣቢያ ጓሮ፣ እያለ ይሄዳል። ሦስተኛው ለማመንጫው በጣም በቀረበው ሰፈር መተከል ነበረበት። በዚያ ሰፈር ደግሞ መብራት የማይጠፋው የማመንጫው ሠራተኛ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ አለቆቹ ብዙም ሳይጨነቁ ጋሽ ሚዛን ግቢ ውስጥ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ ተከሉት። በሰነድ ላይ ጣቢያ ቁጥር ሦስት ተባለ።

ሰፈርተኛው ግን ይህን ስም ሰምቶ አያውቅም። መብራት በጠፋ ቁጥር ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ወደዚያ ግቢ የሚጎርፈው ጎረቤት ሁሉ፣ ያ የሚያንጎራጉር ሳጥን መብራት የሚያመጣ ማሽን ነው ብሎ አመነ። ጋሽ ሚዛንም አላረመውም፤ ስለ ልኬቱ ለማንም ትንፍሽ እንዳይል ፈርሞ ነው የተቀጠረው።

ከእሱ በፊት የነበረው ሠራተኛ የተባረረው፣ ሳጥኑ ውስጥ አመድ ገብቶ ሞተሩ ስለተቃጠለ ነው። ይህን ጋሽ ሚዛን እራት ላይ ለሚስቱ እንደ ቀልድ አወራላት። ሚስቱ ቀልድ አድርጋ አልወሰደችውም። የጎረቤት ሴቶች እታለም የሚሏት፣ እንኳን ማሽን መጥረጊያ ያለቦታው ሲቀመጥ የሚያማት ሴት ነበረች።

«ታዲያ በነፋስ ቀን ለምን አይሸፈንም?» አለችው።

«እንዳትነኪው! የመንግሥት ንብረት ነው።»

በቃ፣ ያላት ይህን ብቻ ነው። ለምን እንደማይነካ ማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ያቺ ሁለት ደቂቃ ዛሬም ድረስ እንቅልፍ ትነሣዋለች።

በአራተኛው ዓመት አንድ ቀን ትኩሳት ይዞት ከሰዓት በኋላ ከሥራ ተመለሰ። ነፋሱ ከማመንጫው በኩል ይመጣል፤ ሰማዩ የአይጥ ቀለም ይዟል። የግቢውን በር ገፋ ሲያደርግ፣ ሳጥኑ አናት ላይ ትልቁ የልብስ ሳፋ ተደፍቷል። በሳፋው ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ሁለት ድንጋይ። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ የታጠበ ልብስ ከገመዱ ላይ እየሰበሰበች ታስላለች።

ጋሽ ሚዛን አንድ እግሩን አስገብቶ እንደቆመ ቀረ። የሌሎቹ ጣቢያዎች ወረቀት ጠቁሮ ሲመጣ የሱ ግቢ ወረቀት ለምን ነጭ እንደሚሆን ያኔ ገባው። እስከዚያ ድረስ ነፋሱ ይሆናል እያለ ራሱን ሲያጽናና ነበር። አለቆቹም አልጠየቁም፤ ደስ የሚል ቁጥር ማን ይጠይቃል? እንዲያውም በዚያው ወር ጣቢያ ቁጥር ሦስት ከሁሉ ንጹሕ ተብሎ የምስክር ወረቀት ሰጥተውት ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሏል። ቢናገር ውርደት ነው፣ እንደ ፊተኛው መባረርም አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሚስቱን ቢሮ ጠርተው ያፋጥጧታል። በሩን ቀስ አድርጎ መልሶ ዘጋና ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ደጃፍ የሥራ መውጫ ሰዓት እስኪደርስ ተቀመጠ። ሲገባ ሳፋው ግድግዳ ተደግፏል፤ ሳጥኑም ምንም እንዳልተፈጠረ ያንጎራጉራል።

«ፊትህ ምን ሆኗል?» አለችው።

«ትኩሳት ነው» አላት።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኖረ። ሳሏ ግን አልተኛም። ማመንጫው ጭስ ማውጫው ላይ ማጣሪያ እንዲገጥም የሚያስገድድ ደንብ ነበረ፤ የሚያስገድደው የቅርቡ ሰፈር ልኬት ከወሰን ሲያልፍ ነው። የቅርቡ ሰፈር ልኬት ደግሞ ማን እንደሚጽፈው ይታወቃል። ሐኪሙ እታለም ሲጋራ ታጨስ እንደሆነ ጠየቀ። «ኧረ አታጨስም» አለ ጋሽ ሚዛን። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ እሱም ነቀነቀ። የመጨረሻውን ስድስት ወር ከአልጋዋ አልወረደችም። ከዚያ ቀበራት።

በቀበራት በሦስተኛው ሰኞ ወረቀቱን ሊለውጥ ሳጥኑን ከፈተ። ሳምንቱን ሙሉ ቀን ቀን ከማመንጫው በኩል ሲነፍስ ነው የሰነበተው፤ የመስኮቱን ደፍ በጣት ቢነኩት ጥቁር ይወጣል።

ወረቀቱ ነጭ ነበር።

ሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለው። አልጋ ላይ በዋለችበት በዚያ ስድስት ወርም ወረቀቱ ነጭ ነበር፤ ሐሳብ ውጦት ልብ አላለውም እንጂ።

በሚቀጥለው ሳምንትም ነጭ። በዚያኛውም። ሁለት ዓመት ሙሉ። ጋሽ ሚዛን ነካ አደረገው እንዳይሉት ለማንም አልተነፈሰም። ታዲያ በሥራ መሐል መጥቶ አያይም ወይ? ቢባል፣ አያይም። ብትኖር በምን ዓይኑ ያያታል? ባትኖርስ? ሁለቱንም ፈራ። ይልቅ የግቢውን በር ከመግፋቱ በፊት ድንገት እንዳይደርስባት ጉሮሮውን መጠራረግ ለመደ። ሳሏን ይሰማዋል፤ አንዳንዴ ከማጀት፣ አንዳንዴ ከልብስ ገመዱ ሥር። ይፈራታል፤ ይናፍቃታልም። ይህን መናገር ያሳፍራል፣ ግን እውነቱ ነው፦ ጠዋት ነፋሱ ከማመንጫው በኩል ከተነሣ ደስ ይለዋል። ዛሬ ትመጣለች ማለት ነው። ያ ነፋስ የገደላት ነፋስ መሆኑን እያወቀ!

በኋላ ማመንጫው ተዘጋ። አገሩ ከከሰል ወደ ፀሐይ እየተሻገረ ነው ተባለ፤ ሳጥኖቹ ተነቅለው ሄዱ፤ በአመዱ ክምር ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ የሚዘረጋበት ካርታ ወጣ። ጥሩ ነገር ነው፤ ማን ይጠላል? አዲሱ ደንብ አቧራው ከወሰን ላለፈባቸው ሰፈሮች የግቢው አፈር ተጠርጎ ይለወጣል፣ ልጆቻቸውም ይታከማሉ ይላል። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ጭሱን በሩቁ የሚያየው መንደር ሳይቀር ገብቷል። የእነሱ ሰፈር የለም። ከግርጌው «ጣቢያ ቁጥር ሦስት፦ አሥራ ሦስት ዓመት ንጹሕ» ይላል።

ይህን ካነበቡት አንዷ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ደረቷ የሚያፏጭ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። የሰፈሩን ሴቶች መስፊያ ቤቷ ሰብስባ ኮሚቴ አቋቋመች። ከመጋረጃ ትርፍራፊ «አየራችን ይቆጠር» የሚል መፈክር ሰፋች፤ ጨርቁ አልበቃ ብሎ የመጨረሻዋ ፊደል ግድግዳ እንደተደገፈ ሰካራም ተጣማለች። ፊርማ አሰባሰበች፣ የማታውቀውን ቢሮ ሁሉ አንኳኳች፣ ጸሐፊዎቹ ድምጿን ከሩቅ ሲሰሙ ምሳ ወጥተዋል ማስባል ጀመሩ። በመጨረሻ ቅሬታው የሚሰማበት ቀን ተቆረጠላት። ያን ጊዜ ጋሽ ሚዛን ቤት መጣች።

«ጋሼ፣ ይቺ ጣቢያ ሦስት የሚሏት የት ነው ያለችው? ኮረብታው ጀርባ ደብቀዋት ነው አይደል? ወረቀቱን ቀይረውብናል!»

«ማንም አልቀየረም» አላት።

«እንግዲያው እርስዎ ያውቃሉ ማለት ነው። ይንገሩልን እንጂ! ልጄ ደረጃ መውጣት አቅቷታል። እታለም ብትኖር ኖሮ እኮ ከኔ ቀድማ ነበር የምትጮኸው።»

ዝም ካለ ሰፈሩ ከነልጆቹ አመዱ ላይ ተረስቶ ሊቀር ነው። ከተናገረ ደግሞ አፈር የተጫናትን ሴት በሕዝብ ፊት ሊያማት ነው።

«እናገራለሁ፤ ስብሰባው ላይ» አለ። «አሁን ግን አትጠይቂኝ፣ ልጄ።»

ስብሰባው የተደረገው በቀድሞው የሠራተኞች መመገቢያ አዳራሽ ነው። ጋሽ ሚዛን ድምጽ ማጉያውን ያዘና ጠረጴዛውን እያየ ተናገረ።

«ጣቢያ ቁጥር ሦስት የኔ ግቢ ነው። ልብስ ማስጫው ጋ የነበረችው ሳጥን ናት። አቧራ መለኪያ ናት፣ ሌላ ሥራ የላትም። ባለቤቴ በነፋስ ቀን አፏን ትከድናት ነበር። ክፋት አልነበረባትም፤ ማሽኑ ተበላሽቶ እንዳልባረር ብላ ነው። እኔ አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰብሳቢው መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ሰነዱን ገለጠ።

«ባለቤትዎ ያረፉት መቼ ነው?»

ነገረው።

«ከዚያ በፊትስ ታመው ነበር?»

«ስድስት ወር ተኝታለች።»

«እንግዲህ አባቴ፣ ያ ስድስት ወርም ንጹሕ ነው። ካረፉ በኋላ ያለው ሁለት ዓመትም ንጹሕ ነው። ያንን ማን ከደነው? ይህ ካልተብራራ ቃልዎን መቀበል አልችልም።»

ጋሽ ሚዛን የሚያምነውን ከተናገረ አብዷል ተብሎ የሰፈሩ ጉዳይ እዚያው ሊቀበር ነው። ዝም ካለም ያው። «እሷው ናት» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ከፊት ወንበር ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እኛ ነን» አለች።

«እናንተ እነማን?»

«የጎረቤት ሴቶች። እታለም ስትታመም ጠርታ አደራ አለችን። ነፋስ ሲነሣ ክደኑልኝ፣ ከሥራ ሳይመለስ አንሡልኝ፣ ይቆጣልና እንዳትነግሩት አለችን። እኛ መብራት የሚያመጣ ማሽን መስሎን። ከሞተች በኋላማ የሙት አደራ ነው ብለን…» እጆቿን ዘረጋች። «ልጄን አዝዬ እየሄድኩ ነበር የምከድነው። በነዚህ እጆቼ። እሷ ጀርባዬ ላይ ታስላለች፣ እኔ እከድናለሁ።»

ተቀመጠች። ከኋላዋ አንዲት ሴት ተነሣች፣ ሌላም፣ ሌላም፤ «እኔም»፣ «እኔም» እያሉ ስድስት ሆኑ። ጸሐፊው ሁሉንም መዘገበ። ሰብሳቢው የጣቢያ ቁጥር ሦስት አሥራ ሦስት ዓመት ውድቅ እንደሆነ፣ ሰፈሩም ዝርዝሩ ውስጥ እንደሚገባ አስታወቀ። ማንም አላጨበጨበም።

ሕዝቡ ሲበተን ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ጠበቀችው። ዓይኗ ፍም መስሏል።

«ይቅር ይበሉን፣ ጋሼ። ሳናውቅ ነው።»

«እናንተ ምን አጠፋችሁ» አላት። ሄደ ሲባል ቆመ፤ ደግሞ ተመለሰ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ… አንዳችሁም ሳትመጡ የቀራችሁበት ቀን ይኖራል? ታማችሁ፣ ወይም ረስታችሁ? አንድ ቀን እንኳ?»

ልብስ ሰፊዋ የሚያጽናናውን ነገር የጠየቃት መሰላት። ሁለት እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

«ኧረ የለም፣ ጋሼ! የእታለምን አደራ? አንድም ቀን አላጓደልንም።»

ጋሽ ሚዛን አመስግኗት መንገዱን ጀመረ። ሚስቱ ከተቀበረች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ለእሱ ግን የሞተችበት ያን ዕለት ነው።