ጉንዳኖቹ እንቁላል ያጓዙ ዕለት

ዛሬ ነቀምቴ ገበያ የአዲስ ሣር ገሳ፣ ያ የዝናብ ካባ፣ ሲሸተኝ ልጅ ሳለሁ ዲጋ ገጠር ያሳለፍነው ግንቦት ትዝ አለኝ። ጉንዳኖች እንቁላላቸውን ተሸክመው ወደ ግድግዳችን ሲወጡ አይቼ ለአባቴ እህት፣ ለአዳዳ፣ በሹክሹክታ ነገርኳት። ጉንዳን እንቁላሉን ካጓዘ ክረምቱ ቀድሞ ሊገባ ነው ይባላል፤ አባቴ ግን ለአረም የምንለብሰውን ገሳ ገና አልሠራም።

«ያየሽው አንቺ፤ ራስሽ ንገሪው» አለችኝ።

ስነግረው አባቴ ሳቀ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጉንዳኖቹ ቀኑንም ነገሩሽ?»

«ዛሬውኑ ሣር እንጨድ» አልኩት መሬት መሬት እያየሁ።

ሳቁን ትቶ ማጭዱን አነሳ። በሳምንቱ ዝናቡ ወረደ። ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ በቆሎውን ስናርም ገሳችን ዝናቡን ወደ ጀርባችን አላሳለፈም።

«ድምፅሽ ያሞቃል» አለችኝ አዳዳ። ገሳው እኔ በመናገሬ ስለተሠራ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ ግን ገሳ የሚሠሩትን ሽማግሌ፣ «ቶሎ ቶሎ ይሥሩ፣ አባ፤ ጉንዳኖቹ ማጓዝ ጀምረዋል» ስላቸው ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አላቀረቀርኩም።