ጭሱ የወጣለት ከሰል

ዝናብ ሲጀምር ሰው በሩን ይዘጋል፤ እኔ እከፍታለሁ። ትናንት እዚህ ካምፓላ፣ ካንሳንጋ ሰፈር ላይ ከባድ ዝናብ ሲወርድ ተነሥቼ ከፈትኩት። ባለቤቴ «ወለሉን ውኃ ሞላው እኮ» አለችኝ። «እወለውለዋለሁ» አልኳት። ምክንያቱን ስለምታውቅ መወልወያውን አምጥታ አጠገቤ አቆመችው። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ ከእቴቴ ጋር ያሳለፍነውን የመጨረሻ ደህና ቀን አሰብኩ። ልጽፈው የፈለግሁት ያኔ ነው።

እቴቴ የምላት እኅቴን አስካለን ነው። በአባት ነው የምንገናኘው። እሷ የአባታችን የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ እኔ የመጨረሻው። አብረን ስንሄድ ሰው ሁሉ እናቴ ትመስለው ነበር። ማስተባበሉ ሲሰለቻት «አዎ፣ ልጄ ነው፤ መልኩን ግን ከአባቱ ነው ያመጣው፣ እኔ የለሁበትም» ትላቸዋለች። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ሥራ ሳጣ ካምፓላ ያመጣችኝም እሷ ናት። ኪሰንዪ በሚባል ሰፈር አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራ ነበር። በፈረንጆቹ 2020 በኮሮና ከተማው ሲዘጋ ምግብ ቤቱም ተዘጋ፤ እንደተዘጋም ቀረ። እሷ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ስለማታውቅ በተከራየናት አንዲት ክፍል ወጥ እየሠራች መሸጥ ጀመረች። እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ምስር እለቅማለሁ፣ ከሰል አቀጣጥላለሁ። ምሳውን ቦዳ የሚባሉት የሞተር ታክሲዎች ያደርሱልናል።

ዓይኗን መቼ ማመም እንደጀመራት አላውቅም። ይህ እስካሁን ያሳዝነኛል። ግን ወጥ ሠሪ ቤት ውስጥ እንባ ማንን ያስደነግጣል? ሽንኩርት ስትከትፍ ታነባለች፤ ከሰል ስታራግብም ታነባለች። በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ትቀጥላለች። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ሽንኩርቱ ነው» ትለኛለች። ሽንኩርት ባልተከተፈበት ቀንም ሽንኩርቱ ነው። ልጅ ሆና በእርጥብ እንጨትና በኩበት ስታበስል ኖራለች፤ ኪሰንዪ ደግሞ መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ከከሰል ጋር ስንት ዓመት። ይህ ሁሉ ጭስ የት ገባ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

የነቃነው በምስር ነው። አንድ ደንበኛ ጠጠር ነከስኩ ብሎ ደወለ። እቴቴ ደግሞ በምስር ለቀማ የምትታማ ሴት አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ ጠጋ ብዬ ሳይ፣ የምትለቅመው በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ ነው፤ ፍሬውን እየዳሰሰች።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ እተረጉማለሁ። ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ ወጥቷል፤ በቀዶ ጥገና ይነሣል። ግን ጭስ ዓይኗን አቁስሎታል፤ መጀመሪያ ቅላቱ መጥፋት አለበት። ጠብታ አዘዘላት፣ ከጭስ ትራቅ አለ። «ከጭስ ራቂ ነው የሚልሽ» አልኳት። ትርጉሙ ልክ ነበር። ምግብ በምን እንደምናበስል እሱም አልጠየቀን፣ እኛም አልነገርነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ሥራ ሁሉ ጭስን ማባረር ሆነ። አንዲት ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር ገዛሁላት። አንድ ቀን ለኩሳው ቦግ ሲል ደነገጠችና ዳንቴል አልብሳ፣ የፕላስቲክ አበባ አናቱ ላይ አስቀምጣ የአልጋዋ ራስጌ አቆመችው።

«ቦምብ ነው አላልሽም? ታዲያ ራስጌሽ ምን ይሠራል?» አልኳት።

«ካልነኩት አይነካም» አለችኝ። «ደግሞ ቁሌት በዚህ አይሆንም። ቁሌት ዝግ ያለ እሳት ነው የሚፈልገው።»

አንድ ሁለቴ ተከራከርኳት፤ ከዚያ ተውኩት። ጋዙን ባንፈልገውም ከሰሉን የምንገራበት መላ ያለን መስሎኝ ነበር። አባታችን «ከሰል ሳይቀላ ቤት አታስገቡ፣ ይመታችኋል» ይል ነበር። ሁለታችንም በዚህ ቃል ነው ያደግነው፤ የሚመታው ጥቁሩ ነው ብለን። ስለዚህ ምድጃውን ደጅ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አቀጣጥላለሁ። ጭሱ እስኪያልቅ፣ ጥቁሩ ሁሉ እስኪቀላ አራግባለሁ። ያኔ ወደ ውስጥ አስገባና በሩን እገጥማለሁ፤ ምክንያቱም ጎረቤታችን ማማ ናካቶ ባቄላዋን የምትቀቅለው በእንጨት ነው፤ ጭሷ ቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል።

መላው ሠራ። ይህን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሠራ። የእቴቴ ዓይን ከሳምንት ሳምንት ነጣ። እንባዋ ቀነሰ። አልፎ አልፎ ራሴን ይከብደኛል ትል ነበር፤ ጠብታው ነው ተባባልን።

በ2021፣ በዝናቡ ወር፣ ሐኪሙ ድጋሚ አያት። ቅላቱ ጠፍቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ኑና ቀኑን እንቁረጥ አለ። የመጨረሻው ደህና ቀን ይህ ነው። ወደ ሐይቁ በሚወርደው በሙንዮንዮ መንገድ ስንመለስ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ለንፋሱ ሰጥታ ነበር። ማምሻውን ደጅ ተቀምጠን ምስር ስለቅም፣ እጇን ሰደድ አድርጋ ሰፌዱን ዳሰሰችው።

«ይሄን ለቀምኩት ነው የምትለው?»

«ለቅሜዋለሁ።»

«የሰውን ጥርስ እያስሰበርክ የጥርስ ሐኪም ልትሆን ነው?»

«ዓይንሽ ይዳን እንጂ ሥልጣኑን እመልስልሻለሁ።»

«መጀመሪያ የማየው ምስሩን መሰለህ? የአንተን ፊት ነው። ሴት ልጅ ለምን እንደማትቀርብህ ላጣራ።»

ማማ ናካቶ የምንስቅበት ሳይገባት አብራን ሳቀች። ከማቶኬዋ፣ ከተቀቀለው ሙዝ፣ ቆርሳ ለእቴቴ ሰጠቻት። እቴቴም ጨው ያንሰዋል አለች፤ በአማርኛ፣ ፈገግ እያለች፣ እንደምታመሰግን።

በማግስቱ ብዙ ትእዛዝ ነበረን። ከሰሉን ደጅ አቀላሁት፤ አንድም ጥቁር አልቀረበትም፤ አስገባሁት። እቴቴ ትልቁን ድስት ጣደች፣ ሽንኩርቱን ጨመረች። በሐይቁ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ማማ ናካቶም ዝናቡ ሳይቀድማት ብላ እንጨቷን አያይዛለች።

«ጠብታዬን አድርግልኝና ቲማቲም ገዝተህ ና። ጭሷ እየገባ ነው፣ በሩን ግጠመው» አለችኝ እቴቴ።

አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይን ጨፍኖ መቆየት ያስፈልጋል። መስኮቱ ተዘግቷል። ስወጣ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ወተፍኩ። ጭስ እንዳይገባባት።

«ቶሎ እመለሳለሁ» አልኳት ከውጭ።

«ቁሌቱ አልቸኮለ፣ አንተ ምን ያስቸኩልሃል?» አለችኝ ከውስጥ።

ቲማቲሙን እንደገዛሁ ዝናቡ ወረደ። ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል የሚሸጥ ልጅ ጣራ ሥር ተጠለልኩ። እንቁላሉን በቢላዋ እጀታ እየሰበረ ይመታል፣ ቻፓቲው፣ ቂጣው ላይ ያፈሳል፣ ይጠቀልላል። አንድ ገዛሁ። ትኩስ ነበር፣ ጎመንና ቲማቲም ነበረበት፣ ጣመኝ። መንገዱ ወንዝ ሆኖ የአንድ ሰው ሰንደል ጫማ ሲሄድ አይተን ሳቅን። ደስ ብሎኝ ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ዝናቡ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሲያባራ ተመለስኩ። ከበሩ ሳልደርስ ያረረ ሽንኩርት ሸተተኝ። እቴቴ ቁሌት አሳርራ አታውቅም። በሩን ገፋሁት፤ ጨርቁ ያዘው፤ በትከሻዬ ገፋሁት። ክፍሉ ውስጥ ጭስ የሚባል ነገር የለም፣ ከድስቱ ከሚወጣው ስስ ጭስ በቀር። እቴቴ እንደተጋደመች ናት፤ ዓይኗ እንደተጨፈነ፣ እጆቿ ደረቷ ላይ። ፊቷ ቀላ ብሏል። ደህና ሰው ትመስላለች። ጠራኋት።

ማማ ናካቶ ጩኸቴን ሰምታ መጣች፤ ተሸክመን አወጣናት። ክሊኒክ አደረስናት፤ ግን ያደረስነው አስከሬኗን ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለን ሐኪም ረጋ ብሎ ጠየቀኝ።

«ክፍሉ ውስጥ እሳት ነበር?»

«ከሰል ነበር። ግን ቀልቷል። ጭስ አልነበረውም።»

«በሩስ?»

«ዝግ ነበር። ዓይኗን ታማ ነው፤ ጭስ እንዳይነካት ብለን ነው።»

ሰውዬው ከሰል ከቀላ በኋላም መርዝ እንደሚያወጣ፣ መርዙ እንደማይታይ፣ እንደማይሸት፣ ዓይን እንደማያቃጥል ነገረኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቤታችን ሰው ሞላው። ያገራችን ሰዎች ከካንሳንጋም ከኪሰንዪም መጡ። ደጅ ሸራ ተወጥሮ ነበር፤ ዝናቡ እንደገና ሲመጣ ሸራው አልቻለም፤ ሰዉ ወደ ውስጥ ገብቶ በአልጋውም በወለሉም ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ሽማግሌዎች በርዷቸዋል። አንዱ እግሩን ዘርግቶ በሩን ገፋ አደረገው። በዚህ መሐል እትዬ ዘውዴ፣ ኪሰንዪ ከእቴቴ ጋር ይሠሩ የነበሩ ትልቅ ሴት፣ ለለቀስተኛው ሻይ ሊያፈሉ የእቴቴን ምድጃ በሁለት ጨርቅ ይዘው ገቡ። ደጅ አቀጣጥለውታል። ልክ እንደ እኔ፣ አንድም ጥቁር አልቀረበትም።

ከትናንት ጀምሮ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ሰዉን ተሻግሬ ምድጃውን ከእጃቸው ወሰድኩ።

«ልጄ፣ ምን ሆንክ?» አሉኝ። «ቀልቷል እኮ። ጭሱ ወጥቶለታል።»

በግማሽ የተገጠመውን በር በእግሬ ከፍቼ ወጣሁ። ከኋላዬ አንድ ሰው «ተዉት፣ ሐዘን ነው» ሲል ሰማሁ። ምድጃውን ከሸራው አልፌ፣ ግቢው መሐል፣ ዝናቡ ውስጥ አስቀመጥኩት። ውኃው ከሰሉ ላይ ሲወርድ ተንጫጫ፤ ቀዩ እየጠቆረ ሄደ፤ ያኔ ጨሰ። ነጭ፣ ወፍራም ጭስ ነበር፤ ከሩቅ የሚታይ፣ ዓይን የሚያቃጥል። ከሰሉ እስኪበርድ ድረስ አጠገቡ ቆምኩ። ከዚያ ተመልሼ፣ ሰዉ ብርድ ነው እያለኝ፣ መስኮቱንም ከፈትኩት።