የእናቴ ውሻ አፈር ሲበላ

እናቴ አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ስለቀረች፣ እኔ ጋ መጥታ እንድትኖር ለምኜ ለምኜ በመጨረሻ እሺ አለችኝ። ላምበረት መናኸሪያ ስቀበላት በአንድ እጇ የልብስ ቋጠሮ፣ በሌላው አንገቱን ያወጣ ውሻ ያለበት ማዳበሪያ ይዛ ወረደች። ከደብረ ብርሃን ማዶ ስትነሳ ረዳቱ ውሻ አልጭንም ቢላት፣ “እንግዲያው እኔም አልሳፈር” ብላ በሩ ላይ ተገትራ እንዳሸነፈችው እየሳቀች ነገረችኝ።

ቤቴ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ነው። ግቢው ሁሉ ንጣፍ ሲሆን፣ አፈር የሚታየው አጥሩ ሥር ጽጌረዳ በተከልኩባት ቁራሽ ቦታ ብቻ ነው። ቁምሳጥን ባዶ አድርጌ ብሰጣትም እናቴ ቋጠሮዋን ሳትፈታ ከመኝታ ቤቷ በር ኋላ አስቀመጠችው። “እስቲ መጀመሪያ ቤቱን ልልመደው” አለች። እኔ ጠዋት ጠዋት ኤርፖርት አጠገብ ወዳለው ሥራዬ ስወጣ፣ መኪና ውሻውን እንዳይገጭብን በሩን አደራ እላታለሁ። ሁለቱም ተዘግቶባቸው ይውላሉ።

ሁዳዴ በገባ በሰሞኑ ውሻው አፈር መብላት ጀመረ። መቆፈር ቢሆን እሰየው፤ ይሄ ግን ያኝካል፣ ይውጣል፣ ጢሙን ይልሳል። ጽጌረዳዬ ሥሯ ተራቁቶ ሳይ ደሜ ፈላ። እናቴ ሽሮ የነካውን እንጀራ እያቀረበች “አፈር ስሆን ብላ” ትለዋለች፤ እሱ አሽትቶት ወደ አፈሩ ይመለሳል።

“የአገሩ አፈር ናፍቆት ነው” አለችኝ አንድ ቀን። “ይሄንን እየቀመሰ፣ ያኛው አይደለም እያለ ነው። ፋሲካን እንደዋልን ይዤው እመለሳለሁ።”

ማታ ከሥራ ስገባ መብራት በርቶ፣ ከጓዳ “መጣሽ?” የሚለኝ ድምፅ ለምዶብኛል። ያ ድምፅ በአንድ ውሻ ምክንያት ተመልሶ ሊሄድብኝ ነው። ስልኬን ከፍቼ ብጠይቅ ካንሰር ድረስ ወሰደኝ። መሥሪያ ቤት ባማክር አንዱ ቡዳ፣ ሌላው ካልሲየም አለኝ። በመጨረሻ ውሻውንም እናቴንም መኪና ውስጥ አስገብቼ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው።

ወጣቱ ሐኪም ድዱን ገልጦ አየ፤ ሆዱን ዳበሰ።

“እማማ፣ ምን ያበሉታል?”

“የምንበላውን።”

“እናንተስ ምን ትበላላችሁ?”

እናቴ ታዘበችው። “ዶክተር፣ ሁዳዴ እኮ ነው።”

ሐኪሙ ሳቁን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ በቁም ነገር አስረዳን። ውሻ አፈር የሚበላው ከምግቡ የጎደለው ነገር ሲኖር፣ ሆዱን ሲያመው ወይም ትል ሲኖርበት ነው። “አንዳንዴ ደግሞ” አለ፣ “ቀኑን ሙሉ ግቢ ተዘግቶበት ሲሰለቸው።” የትል መድኃኒት ሰጠንና ሥጋ ነገር እንዲያገኝ አዘዘ።

እናቴ ስንመለስ፣ “እዚያ እኮ የሰው ቤት ሲዞር ነበር የሚውለው” አለች። “እኔ ብጾም እሱ የትም አጥንት አያጣም ነበር።”

“እሱ ብቻ ነበር የሚዞረው?” አልኳት።

“እኔማ ምኑን ቤቴ እውል ነበር” ብላ ሳቀች።

ያም ሆኖ በሁዳዴ ሥጋ እቤቴ አይገባም አለች። ሉካንዳውም ዝግ ነው። ነገሩን ከአጥሩ ማዶ ላለችው ጎረቤቴ ነገርኳት። የወለጋ ሴት ናት፣ ጴንጤ፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሷው መጥታም እናቴን፣ “እማማ፣ እኛ ቤት ጾም የለም። በየቀኑ ውሻውን ይዘውልኝ ይምጡ” አለቻት።

በመጀመሪያው ቀን እናቴ የውሻውን ገመድ ይዛ ጎረቤቴ በር ላይ ቆመች። በማግስቱ መቀመጫ ዱካ ወጣላት። ሳምንት ሳይሞላ እዚያው በረንዳቸው ላይ ተቀምጣ ጎመን እየቀነጠሰች አገኘኋት፤ ጠዋት ስነሳም እንደምን አደርሽ በማለት ፈንታ በኦሮምኛ “አካም ቡልቴ?” ትለኝ ጀመር። ውሻው አፈሩን ተወው። ጽጌረዳዬም አቆጠቆጠች።

ፋሲካ መጥቶ አለፈ። አሁን አጥንቱ እኛም ቤት ሞልቷል። ስለ መመለስ መቼ ታነሳብኝ ይሆን እያልኩ ሰነበትኩ፤ ራሴ ለመጠየቅ ግን ድፍረቱን አጣሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ብገባ ቤቱ ጭር ብሏል። “እማዬ” ብዬ ተጣራሁ። መኝታ ቤቷ ገባሁና ከበሩ ኋላ አየሁ። ቋጠሮው የለም። ቁምሳጥኑን ስከፍት ግን ቀሚሶቿ ተሰቅለዋል፤ ሹራቧ፣ የክቷ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ልብሱ የተቋጠረበት ነጠላ ብቻ የለም።

ወደ ግቢ ወጣሁ። ውሻው ጽጌረዳዋ ሥር አጥንቱን አቅፎ ተኝቷል፤ ገመዱ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ከአጥሩ ማዶ የእናቴ ሳቅ ይሰማል። ውሻውን ቤት ትታው ነበር የሄደችው።