ጎማ የምትለካው ባቄላ

እርጥብ ጎማ ሲሸተኝ ዛሬም አፌ ይደርቃል። ሌላው ሰው ዝናብ ጥሎ ሲያባራ የአፈሩ ሽታ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ጎረቤቴ ያለው ጎሚስታ ደጁ ላይ የከመራቸው አሮጌ ጎማዎች ርሰው፣ ያ ከሰል ከሰል የሚል ሽታቸው ወደ ቤቴ ሲገባ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ቁጭ እላለሁ። ልጆቼ «እማዬን ደግሞ ጀመራት» ይላሉ። ይበሉ። እኔ ግን የሹፌር ካሳሁን ልጅ ነኝ።

አባቴ ካሳሁን በዚያን ጊዜ ሰቆጣ ከሚኖሩት ጥቂት የጭነት መኪና ሹፌሮች አንዱ ነበር። መኪናው የሱ ሳይሆን ኮረም የሚኖር የአንድ ነጋዴ ነበር። አባዬ ከኮረም ጋዝ፣ ስኳርና ጨርቅ ጭኖ ይመጣና ከሰቆጣ ቆዳና ማር ጭኖ ይመለሳል። በበጋ ስለሱ የሚሰጋ አልነበረም። መኪናው ከሩቅ ቁልቁለቱን ሲያቃስት ስንሰማ እናቴ ወለላ የእግር ውኃ ጥዳ ትጠብቀው ነበር፤ እሱም እስከ ቅንድቡ አቧራ ለብሶ ይገባና ከካፖርቱ ኪስ ብርቱካን አውጥቶ፣ «ትርንጎ፣ እኅትሽን አመጣሁልሽ» እያለ በስሜ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም በየጊዜው እንደ አዲስ እስቅለት ነበር።

ሰኔ ሲገባ ግን የቤታችን ወሬ ሁሉ ጎማ ይሆናል። ከኮረም ሰቆጣ እስኪደረስ መንገዱ ተራራ ለተራራ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ይላቁጣል፣ ከላይ ደጋው ላይ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ በረዶ ይጥልና ለሰዓታት ሳይሟሟ መንገዱን አልብሶት ይቆያል። ከሩቅ ጨው የተሰጣ ይመስላል። ከጎኑ ገደል ነው። ባለመኪናው አዲስ ጎማ መግዛት አይወድም ነበር፤ ግቢው ውስጥ ያገለገሉ ጎማዎች ከምሮ፣ «ምረጥና ውሰድ» ይለው ነበር። አባዬም የተሻሉትን ስምንት ዘጠኝ ያህል መኪናው ላይ ጭኖ ደጃችን ያራግፋቸውና ምርጫውን እኛው ቤት ይጨርስ ነበር።

ሥራው የሁለታችን ነበር። እኔ የእናቴን የስፌት ወስፌ ይዤ በጎማው ጥርስ መሀል የተሰገሰገውን ጠጠር አንድ በአንድ እነቅላለሁ፤ እናቴ፣ ትውልዷ የዋጉ ዝቋላ ነው፣ ስትናደድ ከአማርኛ ወደ አገሯ አገውኛ ወደ ኽምጥኛ ትሻገር ነበርና፣ የወስፌዋ ጫፍ በታጠፈ ቁጥር ከጓዳ ሆና ስድቡን በኽምጥኛ ታወርደዋለች። አባዬ ግማሹን ብቻ ስለሚሰማ ይስቃል። እኔ ጨረስኩ ስል እሱ ከግድግዳው ቀዳዳ የክብሪት ቀፎ አውጥቶ ባቄላዋን በመዳፉ ላይ ይጥላል።

ያቺን ባቄላ ከአምደወርቅ ገበያ፣ ከሙሉ ቁና ውስጥ መርጦ ነው ያመጣት። ወፍራም፣ ሆዷ የተነፋ ደረቅ ባቄላ ነበረች። በጎማው ጥርስ መሀል በጠርዟ ያቆማትና መዳፉን በላይዋ ያሳልፋል። ሰጥማ መዳፉን ካልነካችው ጎማው ለክረምት ይሆናል፤ ብቅ ብላ ከነካችው ግን «ይኼ የበጋ ነው» ብሎ ወደ አጥሩ ያንከባልለዋል፤ እሱን በረባሶ ሠሪው መጥቶ ይወስደዋል። ካለፉት ውስጥም ባቄላዋ ጠልቃ የሰጠመችባቸውን ሁለቱን ለፊት ያስቀምጥ ነበር። «መሪ መያዝ ብቻውን ምን ያደርጋል፣ የፊቱ ጎማ በረዶውን ካልነከሰው» ይለኝ ነበር። ሌሎቹ ሹፌሮች፣ «ካሳሁን ጎማ ነው የሚመርጠው ወይስ ሽሮ ሊያስፈጭ ነው?» እያሉ ያሾፉበታል። እሱም፣ «እናንተ በዓይናችሁ ለኩ፣ እኔ በባቄላ፤ ለመስከረም ያገናኘን» ይላቸዋል። መስከረም በመጣ ቁጥር አባዬ በሰላም ከርሞ ነበር፤ ስለዚህ ያቺ ባቄላ ለኔ ከታቦት የማትተናነስ ነገር ነበረች፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት የነበረው ዓመት ነው። ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ፣ በልጉም ቀረ፣ የደጋው ባቄላ በአገዳው ላይ ደረቀ። ሰው ከብቱን ጨርሶ፣ ልጁን አዝሎ፣ በከተማችን እያቋረጠ ወደ ኮረም ይነጉድ ጀመር፤ ስንቱ ደረሰ፣ ስንቱ መንገድ ላይ ቀረ፣ ማን ያውቃል። የሚጫን ዕቃ ስለጠፋ ባለመኪናው መኪናውን አቆመና አባዬ ቤት ዋለ። መጀመሪያ በቀን አንዴ መብላት ጀመርን፣ ቀጥሎ እናቴ ከየጥጋጥጉ ሳማ እየለቀመች ትቀቅልልን ጀመር። ረኃብ ሰውን ሌባ ያደርጋል ሲባል እሰማለሁ፤ እኔን ግን ያደረገኝ ሞኝ ነው።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን እናቴ ለሳማ፣ አባዬ ለወሬ ወጥተው ብቻዬን ስቀር፣ ዓይኔ ግድግዳው ቀዳዳ ላይ አረፈ። ልነካት ብቻ ነበር ያሰብኩት። ከቀፎው አወጣኋት፣ አሸተትኳት፣ ከዚያ አፌ ውስጥ ጨመርኳት። ስለማትታኘክ በጉንጬ ይዣት ዋልኩ፤ እያደር ልጧ ለቀቀ፣ ጣዕሟ መጣ፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ቀስ እያልኩ ጨረስኳት። የዚያን ያህል የጣፈጠኝ ምግብ በሕይወቴ የለም፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ፍርሃቱ የመጣው ከዋጥኳት በኋላ ነው። ቀፎው ባዶ እንዳይገኝ ብዬ ባዶው ጎተራ ውስጥ ገብቼ፣ በወስፌው የጭቃውን ስንጥቅ ስፈለፍል አንዲት ባቄላ አገኘሁ። የዚያ ዓመት ባቄላ ናት፤ ጭምድድ ያለች፣ ክብደት የሌላት፣ የፊተኛዋን ግማሽ የማትሞላ። እሷንም ለመብላት ልቤ ዳድቶ ነበር። ግን ቀፎው ውስጥ ጨምሬ መለስኳት። ትንሽ ባቄላ ባለቀ ጎማ ውስጥም ትሰጥማለች የሚለው ሐሳብ ጭራሽ አልመጣልኝም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ኮረም እህል ገብቷል፣ ወደ ሰቆጣ የሚያደርስ መኪና ግን ጠፍቷል ተባለ። ባለመኪናው አባዬን አስጠራው። አባዬ በዚያ ዓመት ይዞ የመጣው አራት ጎማ ብቻ ነበር፤ ከክምሩ የተረፉት እነሱ ናቸው። እኔ እንደ ወትሮው ጠጠሩን ነቀልኩ። አባዬ ቀፎውን ከፍቶ ባቄላዋን መዳፉ ላይ ጣላት፤ በሁለት ጣቱ ይዞ አንዴ አዙሮ አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እግሬን አየ፣ አንገቴን አየ።

«ባቄላችን ከስታለች» አለ።

ወስፌውን ይዤ ወደ ጎማው አጎነበስኩ።

«እሷም እንደ ሰው ናት» አለና ጎማው ጥርስ ውስጥ አቆማት። ሰጠመች። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ላይ ሰጠመች። በሌላ ዓመት ቢሆን ከአራቱ ሁለቱ አጥሩ ሥር በወደቁ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «አንቱ፣ ደህና ናቸው ወይ?» ብላ ጠየቀችው።

«ይሄዳሉ» አላት። ከዚያም ቀፎውን ወደ ግድግዳው አልመለሰውም፤ ካፖርቱ ኪስ ከተተው። ከዚያ በፊት ባቄላዋን ከቤት ይዞ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ጉዞ በደህና ደረሰ። ስንዴ ጭኖ ሲገባ ከተማው በእልልታ ወጣ፣ እኛም ንፍሮ ቀቅለን እስክንጠግብ በላን፣ እኔም ባቄላዋን ረሳኋት። ጥጋብ እንዲህ ያደርጋል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ሄደ። በተባለው ቀን አልመጣም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደጃችን የቆመው የመኪናው ረዳት ተካ ነበር፤ አንድ እጁ በነጠላ ታስሯል፣ የአባዬን ካፖርት በሌላው ይዟል።

«እቴ ወለላ» አለ፣ ካፖርቱን እየዘረጋላት። «በረዶ ጥሎ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። እንጠብቅ ብዬው ነበር፤ ሰው እህል ይጠብቃል አለኝ። ቁልቁለቱ ላይ መሪውን ቢጠመዝዘው፣ ቢጠመዝዘው፣ የፊቱ ጎማ አልነክስ አለ። ዝለል ብሎ ገፍቶ ጣለኝ።»

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልናገርም፤ ለቅሶ ያየ ያውቀዋል።

አርባው ከወጣ በኋላ እናቴ ካፖርቱን ልታጥበው ኪሱን ስትፈትሽ ቀፎውን አገኘችው። ከፍታ አየቻት። እኔ እዚያው በቆምኩበት ሙት ሙት አለኝ፣ አሁን ታውቃለች፣ አሁን አለቀልኝ ብዬ። እሷ ግን የፊተኛዋን ባቄላ አንድ ቀንም በእጇ ይዛት አታውቅም፤ ልዩነቱን በምን ትለየው። «ከእንግዲህ የሚለካባት የለም» አለች። እሷም እንደኔ አጥንቷ ወጥቶ ነበር። ባቄላዋን መዳፌ ላይ አደረገችና፣ «የአባትሽ ናት፣ ብዪያት» አለችኝ። በላኋት። እምቢ ብል ለምን ትለኛለች ብዬ ነው የበላኋት። ይህችኛዋ ጣዕም አልነበራትም።

እናቴ እስክትሞት ድረስ አልነገርኳትም። ዛሬ ከኮረም የሚመጣው መንገድ ሌላ ሆኗል፤ ጎረቤቴ ጎሚስታውም የጎማ ጥርስ የሚለካበት ትንሽ ብረት አለው፣ ቁጥር የተጻፈበት፤ እሷ ብረት ማንም ቢርበው የምትበላ አይደለችም። ልጄ ሹፌር ነው። ክረምት ሲገባ ጎማ ሲያስለካ ምንም ሳልል ሄጄ አጠገቡ እቆማለሁ፤ እሱ ሥራ ፈትቼ ይመስለዋል። የኔም ጓዳ ዛሬ ባቄላ ሞልቶታል፤ ለንፍሮ ስለቅም ወፍራሟን ባገኘሁ ቁጥር በሁለት ጣቴ ይዤ፣ አባዬ እንዳደረገው፣ አንዴ አዙሬ አያታለሁ። ያን ያህል ዓመት የያዛትን ባቄላ ጣቱ እንዴት ይስታታል? ካላወቀ የገደልኩት እኔ ነኝ። ካወቀ ደግሞ፣ እናቴ እንዳታገኝብኝ ነው ኪሱ የከተታት፤ ያ ጎማ እንደማይነክስ እያወቀ፣ እኔ ተርቤ እንደበላኋት እያወቀ ነው የሄደው። የትኛው እንደሚሻለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።